ሰማያዊው ቀለም የተቀባ ዕለት

ሠፈሩ ሚዛኑ ይለዋል። ስሙ አይደለም፤ ቀለም ሲበጠብጥ መለኪያ ይዞ አይቶት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ የወጣለት ቅጽል ነው። የአንድ ሰው ሳሎን ግድግዳ መዳፍ በምታህል ቦታ ተላጠ እንበል። ሌላው ቀለም ቀቢ ከንፈሩን መጥጦ «ክፍሉ እንዳለ መቀባት አለበት» ይላል፤ ሥራ ነዋ፣ ማን ይጠላል። ሚዛኑ ግን የተላጠውን ስባሪ ወደ መስኮቱ ይዞ ያየዋል፣ ነጩ ላይ ቢጫ ጠብ ያደርጋል፣ ቡኒ ይጨምራል፣ ያማስላል፣ ጥፍሩ ላይ ቀብቶ እፍ እፍ ይልበታል። ከዚያ ያችኑ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ይደፍናታል። ሲደርቅ ባለቤቱ ራሱ ቦታውን ፈልጎ ያጣዋል። ሚዛኑ ይህን ችሎታውን ያውቃል፤ የማያውቅ ሰው ከገጠመውም ሳይነግረው አይለያየውም።

ይህን ዓይን ከየት አመጣኸው ለሚለው ሁሉ አንድ መልስ አለው፣ መልሱም ረዘም ይላል። ሚስቱ በቃሏ ይዛዋለች። ልጆቹ አባታቸው «ገና ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላኝም» ብሎ ሲጀምር ቀስ ብለው ከክፍሉ ይወጣሉ። ታሪኩ ይኸው ነው። አባቱ የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ሰማያዊ እየቀባ ነው። ከጋዜጣ የታጠፈ ቆብ ደፍቷል። ትንሹ ሚዛኑ ከየት መጣ ሳይባል ቀኝ እጁን ቆርቆሮው ውስጥ እስከ አንጓው ይነክረዋል። እናቱ ትጮኻለች። አባቱ ግን ቁጣ የለ፣ ግልምጫ የለ፤ ከነሪዙ ይስቅና ልጁን ብብቱን ይዞ ወደ ላይ ያነሳዋል። «በል እንግዲህ፣ ከጀመርክ አይቀር ቀባ» ይለዋል። ልጁም መዳፉን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። እዚህ ላይ ሲደርስ ሚዛኑ ሁልጊዜ ቀኝ እጁን ከፍ ያደርጋል፤ አድማጭ ያን እጅ ማየት አለበት። «ቀለም የገባኝ ያን ዕለት ነው» ብሎ ይዘጋል።

የሚሰለቸው ሰው አይፈረድበትም፤ እሱም ቢደጋግመው አይፈረድበትም። አባቱ የሞተበት በሕፃንነቱ ነው። ድምፁን አያውቅም፣ አረማመዱን አያውቅም፣ ቁጡ ይሁን ጨዋታ አዋቂ ከሰው አፍ ካልሆነ አያውቅም። ከአባቱ የቀሩት የሠርግ ፎቶና ያች አንዲት ዕለት ናቸው። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሎ ሁሉም ሲያየው ኖሯል። ዕለቲቱ ግን የእሱ ብቻ ናት።

ያሳደገው ሌላ ሰው ነው። እናቱ ባሏ ከሞተ በኋላ ያገባችው፣ ጋራዥ ውስጥ ጎማ ሲጠግን የኖረ፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር በምንም ሳሙና የማይለቅ ሰው ነው። ሚዛኑም እህቱም «ጋሼ» ነው የሚሉት። ታላቅ እህቱ አንተ እያለች ትቀልድበታለች፣ ሚዛኑ ግን ከእርስዎ ወርዶ አያውቅም። ጫማ የገዛለት ጋሼ ነው። ትምህርት አልሆን ሲለው እጁን ይዞ አንድ ቀለም ቀቢ ዘንድ ወስዶ «ይህን ልጅ አስተምርልኝ» ያለውም ጋሼ ነው። ሚዛኑ ይህን አይክድም። ሲታመም ይጠይቀዋል፣ ሲመጣ ወንበር ይለቅለታል። የአባት ወንበር ግን ተይዟል፤ የጋዜጣ ቆብ የደፋ ሪዛም ሰው ተቀምጦበታል። ያ ታሪክ ሲነገር ጋሼ በቦታው ካለ እስከ መጨረሻው ያዳምጣል። አንዳንዴ ያች ቀኝ እጅ ከፍ ስትል የሆነ ነገር ሊል አፉን ይከፍትና ውሃ ስጡኝ ይላል።

ባለፈው ክረምት እናታቸው አረፈች። ጋሼ በኪራይ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ቀረ። ብዙም ሳይቆይ የቤቱ ባለቤት ቤቱን ለልጁ ፈለገው። ሰውየው በትሕትና ነው የጠየቀው፤ ግን እንደተረከባችሁት አድርጋችሁ መልሱልኝ አለ፣ ክፍሉን ለሁለት የከፈለው ኮምፔንሳቶ ይውጣ፣ ግድግዳውም ይቀባ አለ። አሁን ጋሼ የት ይግባ? እህቲቱ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ የጋሼ ጉልበት ደግሞ ከአንድ ደረጃ ጋር እንኳ ከተጣላ ቆይቷል። ሚዛኑ ምድር ቤት ነው የሚኖረው፤ በጓሮ በኩልም ባዶ ቆርቆሮ የሚያከማችባት ክፍል አለችው። እህቱ ይህን አንስታ ስትደውልለት «እስቲ እናያለን» አላት። እናያለን በሚዛኑ አፍ አይሆንም ማለት ነው፤ እሷም ይህን ታውቃለች።

ከዚያ ሚዛኑ ጋሼ ሌላ ከተማ የወንድም ልጅ እንዳለው አስታወሰ። ካስታወሰም በኋላ ራሱ ደወለለት። ሰውየው አጎቱን ካየ ዘመን የለውም፤ ትንሽ ዝም ብሎ ቆይቶ «እንግዲህ ይምጣ» አለ። ሚዛኑ ያንን ዝምታ ሰምቶታል፤ ሰውየው ሥራ ይዞት ይሆናል ብሎ አለፈው። ለጋሼ ሲነገረው «ጥሩ ነው» አለና ልብሱን በአንዲት ሻንጣ ከተተ። ለምን ብሎ አልጠየቀም። ቢጠይቅም የሚያስወጣው ጥፋት አልነበረበትም። አባቴ አይደለም የምትለዋ ብቻ ነበረች፣ እሷ ደግሞ ጮክ ተብላ የምትነገር አይደለችም።

ቤቱን የሚያስረክቡበት ዕለት ጠዋት ሚዛኑ መሰላሉን፣ ብሩሾቹንና ቀለሙን በአሮጌ ፒካፑ ጭኖ መጣ። እህቱ ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን በጨርቅ ትጠቀልላለች። ጋሼ ኮቱን ለብሶ፣ ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ የወንድሙ ልጅ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ይወስደዋል።

ሚዛኑ ከኮምፔንሳቶው ጀመረ። ሰፊውን ክፍል ከፍሎ ከወዲያ የወላጆቹን አልጋ፣ ከወዲህ የልጆቹን መኝታ የለየው እሱ ነው። ጫፉ ላይ ሞራሌ ቆሞ፣ ያ ወፍራም እንጨት ከግድግዳው ጋር በምስማር ተመትቷል። የማን ሥራ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ምስማሮቹ ግማሽ በግማሽ ተጣመው ነው የገቡት። ጎማ ጠጋኝ ምስማርን የሚያውቀው ሲነቅለው ነው። ሚዛኑ በጉጠት አንድ በአንድ አወጣቸው። ኮምፔንሳቶውን አወረደ፣ ሞራሌውን ፈልቅቆ ከግድግዳው አላቀቀ። አቧራው ሲበርድ እንጨቱ ከቆመበት ቦታ ከላይ እስከ ታች አንዲት ነጭ መስመር ታየች።

ኖራ ናት። ሚዛኑ አይቷት አለፈ። ሞራሌውን ውጭ ጥሎ ተመለሰና፣ ስፓቱላውን ሊያነሳ ጎንበስ ካለበት ቀና ብሎ እንደገና አያት።

ይህን ግድግዳ ያውቀዋል። ከላይ ያለው ክሬም ነው፣ ያገባ ሰሞን እሱ ራሱ የቀባው። ከክሬሙ ሥር አረንጓዴ አለ፣ ለማጅ ሳለ እጁን የፈታበት፣ እዚህም እዚያም የተዝረበረበ። ከአረንጓዴው ሥር ሰማያዊው ነው። ከሰማያዊው ሥር ኖራ። እሱ ሁለቱንም ጊዜ ሲቀባ ሞራሌውን እየዞረ ነው የቀባው፣ ማንም እንዲያ ነው የሚያደርገው፤ ብሩሽ ከእንጨት ኋላ አይገባም። ስለዚህ ከሞራሌው ኋላ ክሬምም አረንጓዴም ባይኖር አይገርምም። ሰማያዊው ግን መኖር ነበረበት። አባቱ በሕይወት ሳለ ግድግዳውን ሰማያዊ ከቀባው፣ ጋሼ ደግሞ ኋላ መጥቶ ይህን እንጨት ከተከለ፣ እንጨቱ የቆመው ሰማያዊ ላይ ነው። እንጨቱ ግን የቆመው ባዶ ኖራ ላይ ነው። ሲተከል ግድግዳው ገና ነጭ ነበር ማለት ነው። ሰማያዊው የመጣው ከእንጨቱ በኋላ ነው፤ እንጨቱ ደግሞ የመጣው ከጋሼ ጋር ነው።

«ሌላው ግድግዳ ይሆናል» አለ ሚዛኑ ለራሱ። ስፓቱላውን አንስቶ ከመስኮቱ ሥር ፋቀ፣ ከበሩ ጎን ፋቀ፤ ሁለቱም ጋ ሰማያዊው አለ። ከዚያ ወደ ወዲያኛው ወገን፣ የወላጆቹ አልጋ ወደነበረበት ሄዶ ፋቀ። ክሬም፣ አረንጓዴ፣ ከዚያ በቀጥታ ኖራ። እዚያ ሰማያዊ የሚባል ነገር የለም። ሰማያዊ ያለው ከእንጨቱ ወዲህ፣ በልጆቹ መኝታ ብቻ ነው፤ የልጆቹ መኝታ ደግሞ አባቱ በነበረ ጊዜ አልነበረችም። የመዳፉን አሻራ አልፈለገም። እርጥብ ቀለም ላይ ያረፈ መዳፍ ብሩሽ አንዴ ሲያልፍበት እንደሚጠፋ እሱ አይነገረውም። እህቱ የመፋቁን ድምፅ ሰምታ ብቅ ስትል፣ ሊቀባው የመጣውን ግድግዳ እንደ እከክ ሲያክከው አገኘችው።

«ምን እያደረግህ ነው ማሙሽ?» አለችው። ሃምሳ ዓመት ሊደፍን ነው፣ ለእሷ ግን አሁንም ማሙሽ ነው።

«እትዬ፣ ይህን እንጨት ጋሼ መቼ ነው ያቆሙት?»

«የገባ ሰሞን ነዋ። ለእኛ መኝታ እንዲሆን ብሎ።»

«አባዬ ያን ጊዜ...»

«አባዬማ ከሞተ ዓመት አልፎት ነበር» አለች። ይህን ብላ ነጯን መስመር አየች፣ የተፋቀውን ግድግዳ አየች፣ የወንድሟን ፊት አየች። የያዘችውን ሳህን መሬት ላይ አኖረችና አንድ ባዶ ቆርቆሮ ደፍታ ተቀመጠችበት።

እህቱ በአምስት ዓመት ትበልጠዋለች፤ አባታቸውን ታውቀዋለች። ነገሩን ሳታሳምር ነገረችው። ግድግዳውን የቀባው ጋሼ ነው፣ ልጆቹ አዲሷን ክፍላቸውን እንዲወዱለት። ሰማያዊውን የመረጠችው እሷ ራሷ ናት፣ ምን ትወጃለሽ ብሎ ጠይቋት። ሚዛኑ ያን ጊዜ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ አባታቸው ሲሞት ግን ሁለት እንኳ በቅጡ አልሞላውም ነበር። ብብቱን ይዞ ያነሳውም ጋሼ ነው። «ሪዙስ?» ብሎ ጠየቃት፣ ሪዙ የመጨረሻ ተስፋው ነበርና። ሪዙ የፎቶው ነው አለችው። አባታቸው ከሠርጉ በኋላ ተላጭቶ ዳግም ሪዝ አላሳደገም፤ እሷ የምታውቀው አባት ሪዝ የለውም። ሚዛኑ ልጅ ሆኖ ፎቶውን ሲያይ ሲያይ፣ ሪዙን ከዚያ ወስዶ ለዚያ ለሳቀው ሰው ሰጥቶት ኖሯል።

ልብ ብላችሁ ብታዩት ራሱ ሚዛኑ በሙያው የሚያደርገውን ነው ያደረገው። የጎደለው ቦታ ነበረው፣ ከአጠገቡ ካገኘው በጥብጦ ደፈነው፣ ሲደርቅ እሱ ራሱ መጋጠሚያውን አጣው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ነበረ።

ልትነግረው እንደነበር ነገረችው። ታሪኩን መጀመሪያ ያወራው አንደኛ ክፍል የገባ ዓመት፣ እራት ላይ ነው። ክፍል ውስጥ ስለ አባታችሁ ተናገሩ ተብለው እሱም ተራው ደርሶት ተናግሮ፣ ተጨብጭቦለት፣ ፊቱ በርቶ መጥቶ ነበር። እሷ ልታርመው አፏን ስትከፍት እናታቸው በጠረጴዛው ሥር ጭኗን ቆነጠጠቻት። በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ እናቷ ለጋሼ፣ ነገ ቁጭ አድርጌ እነግረዋለሁ፣ አንተ ያደረግኸውን ለሌላ ሲሰጥብህ ዝም አልልም ስትለው ሰማች። ጋሼ የመለሰው መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዋ አልወጣም።

«ተዪው» አለ ጋሼ። «ልጁ ከአባቱ ሌላ ምን ቀረው? ይችን እንኳ ይያዛት።»

ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ውስጥ ያችን ታሪክ የነካት ሰው የለም። እህቱ ይህን ብላ ስታበቃ፣ እኔንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አትመነኝ አለችው፤ ያን ዕለት ቀይ ቀሚስ እንደለበሰች ታስታውሳለች፣ እናቷ ግን እስክትሞት ድረስ ቀይ ቀሚስ ኖሮሽ አያውቅም እያለች ትከራከራት ነበር። ይስቃል ብላ ነው የነገረችው። አልሳቀም።

ሚዛኑ መጀመሪያ የተሰማው ንዴት ነው። በእህቱ ተናደደ፣ በእናቱ ተናደደ፣ ሲያታልሉት ኖረው እንደሳቁበት ቆጠረው። ቀጥሎ ያዘነው ለአባቱ ነው። ያች ዕለት ከወጣች ከአባቱ የቀረው ፎቶ ብቻ ነው፣ ሪዙም ቢሆን የአንድ ቀን ሪዝ ነው። ከዚያ እነዚያ ሁሉ ጊዜያት ትዝ አሉት፤ በእንግዳ ፊት፣ በጓደኛ ፊት፣ በልጆቹ ፊት እጁን ከፍ አድርጎ ሲያወራ፣ ጋሼ ጥግ ላይ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ሲያዳምጥ። ፊቱ ጋለ። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወደ በረንዳው ወጣ።

ጋሼ መንገዱን እያየ ነበር። ሚዛኑ ከጎኑ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ የኛን መኝታ ሰማያዊ የቀባው ማን ነው?»

ሽማግሌው አልዞረም። «አባትህ ነዋ» አለ። «ስንቴ ነግረኸኛል።»

«እርስዎ አልነበሩም?»

«እኔ ምን ልሠራ? ያን ጊዜ ቤታችሁን በምን አውቄው።»

ጋሼ ውሸት አይሆንለትም፤ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፣ አሁንም ቀልቷል። ሚዛኑ አየው። ሰውየው ሻንጣውን ይዞ ሊሄድ ተቀምጦ እንኳ፣ ያችን ዕለት ለባለቤቷ ሊመልስ አልፈለገም። ባለቤቷ ራሱ ሆኖ ሳለ። አልግፋው፣ ልተወው ብሎ ሊነሳ ጉልበቱ ላይ ተደገፈ። ጋሼ ግን የሻንጣውን እጀታ ሲነካካ ቆየና፣ ብዙ ጊዜ ይዞት የኖረው ነገር አምልጦት ወጣ።

«ግን ቀኝ አይደለም» አለ።

«ምኑ?»

«እጅህ። ሁልጊዜ ስታወራ ቀኝ ትላለህ። የነከርከው ግራህን ነው። በቀኝህ ዳቦ ይዘሃል።»

ሚዛኑ ተመልሶ ተቀመጠ። «ይህን ማን ነገረዎት?» አለ።

ሽማግሌው አሰበ፣ ቶሎ አልመጣለትም። «እናትህ» አለ በመጨረሻ፣ ጆሮው ደም መስሎ።

ያን ጊዜ ሚዛኑን የጎማ ሽታ ትዝ አለው። ያነሱት እጆች ጎማ ጎማ ይሸቱ ነበር፣ ከቀለሙ ሽታ በላይ። ወይም ትዝ ያለው መሰለው፤ ሪዝ ከፎቶ ያመጣ ሰው ሽታውንስ አሁን ከጎኑ ከተቀመጠው ኮት አላመጣም ብሎ ማን ይመሰክራል? ሚዛኑም ይህን አሰበ። እውነት ይሁን አይሁን አያውቅም፤ ይህን ግን ያውቃል። ያነሳው ሰው በሕይወት አለ፣ እዚህ ወንበር ላይ ነው፣ ደስ ብሎት ወደማይቀበለው ሰው ቤት ሊሄድ ኮቱን ቆልፏል። እዚያ የሚልከው ደግሞ እሱ ነው። በሕይወቱ እንደዚህ ያፈረበት ቀን አልነበረም።

«ግራ ነው ለካ» አለ።

«ግራ ነው።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ግራ ነው የምለው።»

«እንዲያ በል» አለ ጋሼ፣ ከራሱ ላይ ሸክም እንደወረደለት ሰው ተንፍሶ።

ሚዛኑ ስልኩን አውጥቶ እዚያው ሽማግሌው እየሰማ ለወንድሙ ልጅ ደወለ። አትድከም፣ አትምጣ፣ እኔ ዘንድ ነው የሚሆኑት አለው። ሰውየው ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ በዚህኛው ጊዜ ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበረ። ቀጥሎ ለሚስቱ ደወለ። እሷ፣ እኔማ መቼ ትናገረዋለህ ብዬ ስጠብቅህ ነበር አለችና፣ ቆርቆሮዎቹን ማን እንደሚያወጣ ብቻ ጠየቀችው። ጋሼ ይህን ሁሉ ሰማ። ኮቱን ፈታና ወንበሩ ላይ አንጠለጠለው።

ሚዛኑ ወደ ሥራው ተመለሰ። የፋቀውን ሁሉ ስቱኮ ሞላው፣ አሸው፣ ክፍሉን እንዳለ ነጭ ቀባው። ነጯን መስመር መጨረሻ አደረጋት። እሷ ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ እንደሌላው ቀባት። እህቱ ሳህኖቿን ጨረሰች። ቀደም ብሎ ስቱኮው ሲታሽ፣ ሽማግሌው በረንዳው ላይ አንድ አሮጌ ጋዜጣ አግኝቶ አጣጥፎ ቆብ ሠራና፣ አቧራው ራስህን ጨረሰው ብሎ በእህቱ እጅ ላከለት። ሚዛኑ ተቀብሎ ደፋው።

አመሻሽ ላይ ቁልፉ ተመለሰ፣ ዕቃው ተጫነ። የፒካፑ ወንበር ከፍ ያለ ነው፣ የጋሼ ጉልበት ደግሞ አልታዘዝ አለ። አንዴ ሞከረ፣ ደገመና ሞከረ፣ በሩን ይዞ ቆመ። ሚዛኑ ከኋላው መጥቶ ብብቱን ይዞ አነሳው። ሽማግሌው ቀላል አልነበረም፣ የሚዛኑ ወገብ ቀጭ አለ፣ እህቱም ቀስ በል ስትል ከኋላ ተሰማች። እሱ ግን ሳይለቅ ከፍ አድርጎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው።

«ምነው፣ ልጅ አደረግኸኝ እንዴ?» አለ ጋሼ ልብሱን እያስተካከለ።

«ተራህ ነው» አለው ሚዛኑ፣ በሩንም ዘጋለት።